ሸክምን ለአላህ መስጠት ምን ማለት ነው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ሰው ችግር ሲደርስበት ከወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «አይዞህ፣ በአላህ ተመካ» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክርም የለም። ይሁን እንጂ ጠያቂው ተሰናብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቤተሰቡ ለብቻው ሲቀር አንድ ጥያቄ ይቀራል። መመካት የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚደረገው? ተቀምጦ መጠበቅ ነው? አለማልቀስ ነው? ዕዳን መርሳት ነው? እኛ አምስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ይህን ጥያቄ ከልጅነታችን ጀምሮ መልሱን የምናውቅ ይመስለን ነበር። በመድረሳ ተምረነዋል፤ በኹጥባ ሰምተነዋል። የአባታችን ሱቅ በተቃጠለ ጊዜ ግን ቃሉን እንጂ ነገሩን እንደማናውቅ ተረዳን። ያሳለፍነውን ለናንተ መጻፋችን ተመሳሳይ ፈተና ውስጥ ላለ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

ያቺ ምሽት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ ከባድ የእሳት አደጋ መድረሱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አባታችን በዚያ ተራ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡሉኮና የሀገር ባህል ልብስ ሲሸጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። አምስታችንን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሁለታችንንም የዳሩት አላህ ከዚያች ጠባብ ሱቅ በሰጣቸው ሐላል ሪዝቅ ነው።

ስልኩ የተደወለው እራት ልንበላ ስንሰናዳ ነበር። ወንዶቹ አባታችንን ይዘን ሮጥን። ወደ ተራው ግን መቅረብ አልተቻለም። መንገዱ በሰውና በመኪና ተጨናንቋል፤ አንዱ ዕቃውን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ሌላው ቆሞ ይጮኻል። ከሩቅ ሆነን እሳቱ ከጣራ ወደ ጣራ ሲሻገር አየን። ጥጥ እሳት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የጋቢ ነጋዴ ልጅ ያውቀዋልና እርስ በርሳችን ምንም አልተባባልንም።

አባታችን ጥቂት ቆመው ተመለከቱ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ቀጥለውም አጠገባችን የነበሩትን ሰዎች «ሰው የተጎዳ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ስለ ሱቃቸው ግን ማንንም አልጠየቁም። እዚያ ቆመን የምንረዳው ነገር እንደሌለ ሲረዱ ወደ ቤት መለሱን። ዒሻን አሰገዱን። ከዚያም ተኙ።

እውነቱን እንናገርና፣ መተኛታቸው አናደደን። የሠላሳ ዓመት ልፋት እየነደደ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳል? ከመካከላችን አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ኪሳራውን በወረቀት ሲያሰላ አደረ። ሌላዋ ስልኳን እየደጋገመች ስታይ ነጋ። ታናሻችን ደግሞ «በቃ ቀደር ነው፤ አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ኋላ ስናስበው ሁላችንም ስተን ነበር። አንዳንዶቻችን ከአላህ ዘንድ ያለውን ውጤት በራሳችን ትከሻ ልንሸከም ሞከርን፤ ታናሻችን ደግሞ አላህ በኛ ላይ ያደረገውን ሥራ ጭምር ወደ አላህ ገፋው።

ነጋ፣ ሥራ አለ

ሱብሒን ሰግደን እንደጨረስን አባታችን ከአልጋቸው ሥር ሳጥናቸውን ጎትተው የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ። ደብተሩን ማታ ማታ ወደ ቤት ይዘውት የመምጣት ልማድ ነበራቸውና ከእሳቱ ተርፏል። በአንድ በኩል እሳቸው የሚከፍሉት፣ በሌላ በኩል የሚከፈላቸው ተጽፏል። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በዱቤ የወሰዱት ዕቃ ዋጋ አለ። ቀድመው ያነሱት ዕቁብ አለ፤ ገና ብዙ ወር ይጣላል። በሌላው ገጽ ደግሞ ደሴና ጅማ ያሉ ቸርቻሪዎች ያልከፈሉት አለ። ስንደምረው የምንከፍለው ከምንቀበለው እጥፍ ሆነ።

ታላቅ ወንድማችን በምሬት «አባባ፣ ትናንት ማታ እንዴት እንቅልፍ ወሰደዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሌሊት ላደርገው የምችለው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ለአላህ ሰጥቼ ተኛሁ» አሉት። «አሁን ነግቷል። የምችለው ነገር አለ። ተነስ፣ ሽሮ ሜዳ እንሂድ።»

ይህች አጭር መልስ ብዙ ነገር አስተማረችን።

ወኪል

«ተወኩል» የሚለው የዐረብኛ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ወኪል»፣ «ውክልና» የምንላቸው ቃላት ከዚሁ ሥር ናቸው። ሰው ጉዳዩን ራሱ ሊፈጽመው ያልቻለ እንደሆነ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይሰጣል። ውክልና ከሰጠ በኋላ ግን ሌሊት እየተነሳ «ፈጸመልኝ ይሆን? ከዳኝ ይሆን?» እያለ የሚጨነቅ ከሆነ ወረቀቱን ሰጠ እንጂ እምነቱን አልሰጠም። በሌላ በኩል ደግሞ ወኪሉ አምጣ ያለውን ማስረጃ ሳያመጣ እቤቱ የሚተኛ ሰው ጉዳዩ ቢበላሽ የሚወቅሰው ራሱን ነው። ከአላህ ስሞች አንዱ አል-ወኪል ነው። ጉዳያችንን ስንሰጠው ልባችን ማረፍ አለበት፤ እጃችን ደግሞ ያዘዘንን መሥራት አለበት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይበቃው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ በቅድሚያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ መመለሳቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። ስለ ወፎችም የተናገሩትን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በአላህ እውነተኛውን መመካት ብንመካ ወፎችን እንደሚመግብ በመገበን ነበር ብለዋል። ነገር ግን ወፎቹ ጧት በባዶ ሆዳቸው ከጎጇቸው ወጥተው ነው ማታ ጠግበው የሚመለሱት። ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ አፏን የምትከፍት ወፍ በዚህ ሐዲሥ ውስጥ የለችም።

እናታችን ሐጀርንም (ዐ.ሰ) እናስታውስ። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እሷንና ሕፃኑን ኢስማኢልን ውሃም ሰውም በሌለበት ሸለቆ ትተዋቸው ሲሄዱ፣ ይህን ያዘዘው አላህ መሆኑን ጠየቀች። አዎን ሲሏት፣ እንግዲያው አይጥለንም አለች። ከዚህ በላይ መመካት ወዴት አለ? ሆኖም ውሃው ባለቀ ጊዜ ይህችው ሴት ተነስታ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። አላህ አይጥለንም ያለችው ልቧ ነው፤ የሮጠው እግሯ ነው። ዘምዘም የፈለቀው ደግሞ ከሮጠችበት ኮረብታ ላይ ሳይሆን ከልጇ ዘንድ ነው። ሰበቡን የማድረስ ግዴታ የኛ ነው፤ ሪዝቁ ከየት እንደሚመጣ መወሰን ግን የኛ አይደለም። በሱረቱ-ጦላቅም አላህ (ሱ.ወ) እሱን ለሚፈራ ሰው መውጫ እንደሚያደርግለት፣ ካላሰበው በኩልም ሲሳይ እንደሚሰጠው፣ በእሱ ለሚመካ ሰውም በቂው እንደሆነ ነግሮናል።

ሽሮ ሜዳ

አባታችንና ታላቅ ወንድማችን በዚያች ቀን ከሸማኔ ቤት ወደ ሸማኔ ቤት ሲዞሩ ዋሉ። አባታችን ማንም ሳይመጣባቸው ራሳቸው ሄደው «ሱቁ ተቃጥሏል፤ ዕዳችሁ ግን አልተቃጠለም፤ ደብተሩ ይኸው» አሉ። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ሙስሊም አይደሉም። ዕዳ ግን ዕዳ ነው፤ አማና የተቀባዩን ሃይማኖት አይጠይቅም።

አንድ አዛውንት ሸማኔ «የኔ ይቆይ። እርስዎ ሲቆሙ ነው የኔም ጋቢ የሚሸጠው» አሏቸው። ሌላው ልጁ ሆስፒታል ተኝቶበት ነበርና ቢያዝንም መታገሥ እንደማይችል ነገራቸው። ሦስተኛው በሰው ፊት ጮኸባቸው። «እኔ እሳት ምን አገባኝ? ገንዘቤን!» አለ። ወንድማችን ደሙ ፈልቶ አፉን ሊከፍት ሲል አባታችን እጁን ያዙት። ሲመለሱም በመንገድ ላይ፣ ባለ ገንዘብ የሆነ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ በክፉ ቃል በተናገረ ጊዜ ሰሓቦች ሊነሱበት ሲሉ፣ ባለ መብት የመናገር መብት አለው ብለው እንደከለከሏቸውና ከሰጣቸው የተሻለ ግመል እንዲከፈለው እንዳዘዙ ነገሩት።

ልጁ ለታመመበት ሸማኔ እናታችን የእጅ አምባራቸውን አውጥተው ሰጡ። አምባሩን ያገኙት በኒካሓቸው ጊዜ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። «እጄ ላይ ሆኖ የሰው ልጅ ከሚሞት ይሸጥ» ብለው በመሐረብ ቋጥረው ሰጡን።

አቋራጭ መንገድ

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የምናውቀው ሰው መጥቶ ሁሉንም ዕዳ በአንድ ቀን የሚዘጋ ገንዘብ እንደሚያገኝልን ነገረን። ገንዘቡ የአራጣ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ተቀበለው። «ሰው በር ላይ እየመጣ አባታችንን ከሚያሳፍር እንውሰድና እንገላገል» አለ። ሁለታችን ደገፍነው። አባታችን ግን «ከአንዱ እሳት ወጥተን ወደ ሌላው አንገባም» አሉ።

ያኔ ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ብር ከሰማይ ይወርድልናል?» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ቤቱ ጸጥ አለ። አባታችን አልተቆጡም። «አይወርድም። ነገር ግን በአላህ ተመክቻለሁ ብዬ፣ ወዲያው የከለከለኝን በር ባንኳኳ የተመካሁት በማን ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

በዚህ ጉዳይ ወጣቶች ልታስተውሉት የሚገባ ቁም ነገር አለ። የመመካት ፈተና የሚከብደው ምንም መንገድ በሌለ ጊዜ አይደለም። ሁሉም በር ሲዘጋ ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ ወደ አላህ ይመለሳል። የሚከብደው አንድ የሐራም በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የሐላሉ በር ደግሞ ጠባብና ሩቅ ሆኖ ሲታይ ነው። በሀገራችን ዛሬ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው። እኛም ጠይቀን ነበር፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ ለመያዣ የምናቀርበው ንብረት አልነበረንም። ስለዚህ የቀረን ረጅሙ መንገድ ነበር። እሱም ቀስ እያሉ መክፈል ነው።

ታላቅ ወንድማችን ለሰርጉ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር። አንድ ሳምንት ከኛ ጋር በደንብ ሳይነጋገር ከቆየ በኋላ ገንዘቡን አምጥቶ በደብተሩ ላይ አስቀመጠው። የሙሽራዋ ቤተሰቦችም አላህ ይስጣቸውና ነገሩን በመልካም አዩት። ኒካሓው በቤት ውስጥ በቡናና በተምር ተፈጸመ። ዛሬ ከሁላችንም ይልቅ ያንን ቀን በደስታ የሚያነሳው እሱ ነው።

የእናታችን ሌሊት

አባታችን በቀን ሲሮጡ እናታችንን ብዙም አላስተዋልናቸውም። ቡና ያፈላሉ፤ ጠያቂ ያስተናግዳሉ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አንድ ሌሊት ግን ታናሽ እህታችን ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ በሱጁድ ላይ ሆነው ሲንሰቀሰቁ ሰማች። ዱዓቸው በዐረብኛ አልነበረም። ባደጉበት ቋንቋ ስለ አምባራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ባለቤታቸው በሰው ፊት ስለመሰደባቸው አንድ በአንድ ለአላህ ይነግሩ ነበር። እህታችን ደንግጣ ጧት ነገረችን። እኛም «እማዬ ሶብራቸው አለቀ ማለት ነው?» ብለን ተጨነቅን።

ይህ ስሕተታችን ነበር። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ሆኖም ትዕግሥታቸውን ቁርኣን ውብ ትዕግሥት ብሎ ነው የመዘገበው። ልጆቻቸው በወቀሷቸው ጊዜ ሐዘናቸውንና ጭንቀታቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም አንርሳ። ወዲያውኑ ልጆቻቸውን ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲፈልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ እንዳይቆርጡ አዘዟቸው። ለአላህ ማልቀስና ፈልጉ ብሎ መላክ በአንድ ንግግር ውስጥ ተገናኙ። ዕንባ ሶብርን አያፈርስም። ሶብርን የሚያፈርሰው አላህን መክሰስና ተስፋ መቁረጥ ነው።

ያቺው እህታችን ራሷም እንቅልፍ አጥታ ነበር። ምግብ አስጠላት፤ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፤ ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። «ኢማኔ ደክሞ ነው» እያለች ራሷን ስትወቅስ ቆየች። እኛም ዝም ብለን ቁርኣን ቅሪ አልናት። መምከራችን መልካም ነበር፤ ግን አልበቃም። አባታችን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ማዘዛቸውን አስታውሰው ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ በጭንቀት ምክንያት የመጣ ሕመም እንደሆነ ነግሮ ረዳት። ዱዓዋም አልቀረ፣ ሕክምናዋም አልቀረ፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደህና ናት። በየቤቱ እንዲህ ያለ ሕመም ይዟቸው በሐፍረት የሚደብቁ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለጥርስ ሕመም ሐኪም ዘንድ መሄድ ተወኩልን ካላጎደለ ለልብ ጭንቀት መሄድም አያጎድልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘወትሩት የነበረ አንድ ዱዓ አለ። ቡኻሪ ዘግበውታል። በዚህ ዱዓ ከጭንቀትና ከሐዘን፣ ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና፣ ከፍርሃትና ከንፉግነት፣ ከዕዳ ክብደትና ከሰዎች የበላይነት በአላህ ይጠበቁ ነበር። አባታችን ከሱብሒ በኋላ ዘወትር ይሉታል፤ ለእኛም አስያዙን። እስቲ ቅደም ተከተሉን እንመልከት። ጭንቀትና ስንፍና በአንድ ዱዓ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። የሚጨነቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከሥራ ይታሰራል፤ ከሥራ የታሰረ ሰው ደግሞ ጭንቀቱ ይበዛበታል። ዱዓው ሁለቱንም ቋጠሮ በአንድነት ይፈታል።

ዛሬ

ይህን ስንጽፍ አደጋው ከደረሰ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተአምር ተፈጠረ ብለን አንዋሻችሁም። አባታችን እንደ ቀድሞው የራሳቸው ሱቅ የላቸውም፤ ከአንድ ወዳጃቸው ሱቅ ጥግ ላይ ጥቂት ጋቢና ነጠላ ደርድረው ይሸጣሉ። ዕቁቡ ተጥሎ አልቋል። ከሸማኔዎቹ ዕዳ ከግማሽ የሚበልጠው ተከፍሏል፤ የቀረው በየወሩ ይከፈላል። ያን ቀን በሰው ፊት የጮኸው ሸማኔ የመጨረሻውን ክፍያ ሲቀበል አቀርቅሮ ይቅርታ ጠየቀ። በማግሥቱም አዲስ ዕቃ በዱቤ ላከ። የጅማው ቸርቻሪ ደግሞ አደጋውን እንደሰማ ያለበትን በሙሉ ልኳል። የደሴው እስከ ዛሬ አልላከም፤ አባታችን የተቸገረ ባለ ዕዳን ጊዜ መስጠት የታዘዘ መሆኑን እያስታወሱ ይጠብቁታል።

የእናቶቻችን የአማኞች እናት ኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ታሪክ ብዙ ጊዜ እናስባለን። ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደዚህች ወደኛዋ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት መካከል እሷና ባለቤቷ አቡ ሰለማ ነበሩ። ኋላ በመዲና አቡ ሰለማ ሲሞት፣ ሙሲባ የደረሰበት ሰው በሙሲባው እንዲመነዳና የተሻለ እንዲተካለት የሚለምንበትን ነቢዩ ያስተማሩትን ዱዓ አደረገች። በልቧ ግን ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን አለ ትል ነበር። አላህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን ተካላት። ዱዓውን ስታደርግ መልሱ ከየት እንደሚመጣ አልታያትም። ሳይታያትም አደረገችው። ከእኛ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ለእኛ የሚተካው ሱቅ ላይሆን ይችላል። በዚህች ዓመት የተተካልን ነገር ግን አለ። ከዚያ በፊት በአንድ ጣራ ሥር እየኖርን እያንዳንዳችን በየስልካችን ነበርን፤ ዛሬ መግሪብን አብረን እንሰግዳለን፤ ደብተሩንም አብረን እናያለን።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሸክም ሲከብዳችሁ በመጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ዛሬ እጃችሁ የሚደርስበት ነው፤ ዕዳ ያለበት ባለ ገንዘቡን ያነጋግር፣ የታመመ ይታከም፣ ሥራ ያጣ ወጥቶ ይፈልግ፣ የተጣላ ይታረቅ። ሁለተኛው እጃችሁ የማይደርስበት ነው፤ ነገ ምን ይሆናል፣ የሰው ልብ ወዴት ይዞራል፣ ሪዝቅ ከየት ይመጣል የሚለው። ይህንን ሱጁድ ላይ አስቀምጡትና ተነሱ። ስትነሱ መልሳችሁ አትሸከሙት። መልሳችሁ ብትሸከሙትም፣ እኛም ብዙ ሌሊት መልሰን ተሸክመነዋልና፣ ተስፋ አትቁረጡ። በቀጣዩ ሶላት እንደገና አስቀምጡት። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ መሆኑ ለዚህም እዝነት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የተጨነቀውን ሁሉ ያረጋጋ፤ ያለበትን ዕዳ እንዲከፍል ይርዳው፤ በዚያ አደጋም ሆነ በሌላው ንብረታቸውን ላጡ ወገኖቻችን፣ ሙስሊምም ሆኑ አልሆኑ፣ የተሻለውን ይተካላቸው። ልባችንን በእሱ ላይ ያሳርፍልን፤ እጃችንንም ከሐላል ሥራ አያስንፍብን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።